«ቁማር ጀመርክ እንዴ?» ቤዝቦልን በዳይስና በካርድ የተማርኩበት መንገድ

እናቴ በቪዲዮ ስትደውል ጠረጴዛው ላይ ሦስት ዳይስ አየች። ፊቷ ወዲያው ተቀየረ። «አንተ ልጅ፣ ቁማር ጀመርክ እንዴ?» ቤዝቦል እየተጫወትኩ ነው ስላት ጭራሽ ባሰባት። «ኳሱስ የታለ ታዲያ?» አለችና ስልኩን ለእህቴ አቀበለቻት።

እሷን እስካሁን ማሳመን አልቻልኩም። ይህን የምጽፈው ለሌሎች ነው። ሰሞኑን ሁለት ሰው ስትራት-ኦ-ማቲክ ስለሚባለው ስለዚሁ የካርድና የዳይስ ቤዝቦል ጠይቆኝ ለሁለቱም እየተንተባተብኩ ነው ያስረዳሁት፤ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው። አሜሪካ እየኖራችሁ ቤዝቦል ሲከፈት እንቅልፍ የሚጥላችሁ ከሆነ፣ ወይም ከሥራ ቦታና ከዘመድ ውጪ አንድም የምታውቁት ሰው ከሌለ፣ ምናልባት ይጠቅማችሁ ይሆናል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

የጀመረው 2019 ኦክቶበር 30 ማታ ነው። መሃል ዲሲ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ የማታ ካሸር ነበርኩ። ከፎቁ የማታ ጥበቃ ጋር አብረን እናመሽ ነበር። ዲሲ ተወልዶ ያደገ፣ ፖስታ ቤት ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ ቤት መቀመጥ አልሆንልህ ብሎት እንደገና ሥራ የገባ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በዕድሜ አባቴን ይበልጣል፣ በስሙ ብቻ መጥራት ከበደኝ፣ ስለዚህ «ጋሼ» አልኩት። ምን ማለት እንደሆነ ስነግረው በጣም ደስ አለው። ዛሬ የሊጋችን ሰዎች ሁሉ «ጋሺ» ነው የሚሉት፣ አነጋገሩን ማስተካከል ትቻለሁ።

ያን ቀን ማታ የዋሽንግተኑ ናሽናልስ ከሂዩስተን ጋር የዋንጫውን ሰባተኛና የመጨረሻ ጨዋታ ይጫወታል። ሂዩስተን 2 ለ 1 እየመራ ሰባተኛው ኢኒንግ ላይ (ጨዋታው ዘጠኝ ዙር ነው፣ ዙሩ ኢኒንግ ይባላል) ሃዊ ኬንድሪክ የሚባለው መቺ ኳሷን ወደ ቀኝ ላካት፣ ሄዳ ሄዳ ዳር ላይ የቆመውን ቢጫ ዘንግ ጠዘጠዘችው። እኔ «ወይኔ፣ ቋሚ!» አልኩ። የእግር ኳስ ጭንቅላት አይደል፣ ቋሚ ነካ ማለት አልገባም ማለት ነው። ጋሼ ግን ወንበሩን ገልብጦ እየዘለለ ነው። ለካ ዘንጉን ከነካች ሆምራን ናት፣ መቺው ቤዝ የሚባሉትን አራት ማረፊያዎች በሙሉ ዞሮ ነጥብ ያስቆጥራል! ዋሽንግተን 6 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። የዚያ ዓመት ነገር ሌላም ጉድ አለው፣ ሰባቱንም ጨዋታ ያሸነፈው በሰው ሜዳ የሚጫወተው ቡድን ነው፤ በሜዳው ያሸነፈ የለም።

በማግስቱ ጋሼ የጫማ ካርቶን ይዞ መጣ። ውስጡ በላስቲክ የታሰሩ ካርዶችና ዳይሶች ናቸው። «ትናንት ያልገባህን ነገር ሁሉ በዚህ ይገባሃል» አለኝ። እውነቱን ነው።

ስትራት-ኦ-ማቲክ የሚሉት ይህን ነው። እያንዳንዱ ካርድ አንድ እውነተኛ ተጫዋች ነው። የመቺው ካርድ 1፣ 2፣ 3 የሚሉ ሦስት ዓምዶች አሉት፣ የወርዋሪው ደግሞ 4፣ 5፣ 6። ሦስት ዳይስ አንድ ላይ ትወረውራላችሁ። ቀለሙ የተለየው አንዱ ዓምዱን ይመርጣል። ከ1 እስከ 3 ከመጣ የመቺውን ካርድ ታነባላችሁ፣ ከ4 እስከ 6 ከመጣ የወርዋሪውን። የሁለቱ ዳይስ ድምር ደግሞ ከ2 እስከ 12 ካሉት መስመሮች አንዱን ይሰጣችኋል። እዚያ መስመር ላይ የተጻፈው ነገር ሆነ ማለት ነው፤ አውት (መቺው ወጣ)፣ ዎክ (ሳይመታ በነጻ አንደኛ ቤዝ ይሄዳል)፣ ሲንግል (መትቶ አንደኛ ቤዝ ይደርሳል)፣ ሆምራን።

ቀላል ይመስላል። ብልሃቱ ያለው ሒሳቡ ውስጥ ነው። በሁለት ዳይስ 7 የሚመጣው በስድስት መንገድ ነው፣ 2 ግን በአንድ ብቻ። ስለዚህ 7ኛው መስመር ላይ የተጻፈ ሆምራንና 2ኛው መስመር ላይ የተጻፈ ሆምራን አንድ አይደሉም፣ ስድስት እጥፍ ይለያያሉ። እያንዳንዱ ካርድ ላይ እንደዚህ ሲቆጠር 108 ዕድል አለ። አንድ ተጫዋች ባለፈው ዓመት የሠራው ሥራ በሙሉ እነዚያ 108 ቦታዎች ላይ ተበትኖ ተቀምጧል። ዎክ የሚወድ መቺ ካርዱ በዎክ የተሞላ ነው። በኃይል ብቻ የሚመታው ደግሞ ወይ ሆምራን ነው ወይ ባዶ ሜዳ። ግማሹ ውጤት ከመቺው፣ ግማሹ ከወርዋሪው መምጣቱ ነው እኔን የገረመኝ፤ ቤዝቦል የሁለት ሰው ጠብ መሆኑ በዚያች በአንዲት ዳይስ ነው የገባኝ። ቴሌቪዥን ላይ ግን ሁለት ሰው ቆሞ ሲተያይ ብቻ ነበር የሚታየኝ።

የፈጠረው ሃል ሪችማን ይባላል፣ የኒውዮርክ ልጅ ነው። ነገሩን መሞከር የጀመረው በ11 ዓመቱ ነው። በ1961 ሰማንያ ካርድ ይዞ ገበያ ወጣ። በኋላ ገንዘብ ያበደረው አባቱ ሲሆን ካልተሳካልህ ወደኔ ኢንሹራንስ ሥራ ትገባለህ የሚል ውል ነበረው ይባላል። የአበሻ አባት እኮ ነው የሚመስለው። ድርጅቱ ሎንግ አይላንድ ላይ ግሌን ሄድ የምትባል ቦታ ነው ያደገው፤ የድሮ ሰዎች በክረምት ብርድ እዚያ ተሰልፈው አዲሱን ዓመት ካርድ ከበር ላይ ይወስዱ እንደነበር ዛሬም እንደ ንግሥ በዓል ነው የሚያወሩት።

ከሱ በፊት የነበረም አለ። ኤ-ፒ-ቢ-ኤ ተብሎ የሚጻፈው ጨዋታ በ1951 ፔንስልቬንያ ላንካስተር ውስጥ በዲክ ሳይትዝ የተጀመረ ነው። ወዳጆቹ «አፕባ» ነው የሚሉት፣ ፊደል በፊደል የጠራ ሰው እንግዳ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። እዚያ ዳይሱ ሁለት ነው፣ አንዱ አሥር ቤት አንዱ አንድ ቤት፤ ከ11 እስከ 66 ይነበባል። 66 ከመጣ ተቃራኒህ ፊቱን ያጠቁራል። የአፕባና የስትራት ሰዎች እንደ ጊዮርጊስና ቡና ደጋፊ ናቸው፣ ሲገናኙ መሰዳደብ ግዴታ ነው። እኔ የስትራት ነኝ፣ ስለዚህ የምጽፈው እሱን ነው።

አንድ ነገር ላጥራ። ይህ ፋንታሲ ከሚሉት፣ በእውነተኛ ተጫዋቾች የየዕለት ውጤት ነጥብ ከሚሰበሰብበት ጨዋታ ጋር አንድ አይደለም። ፋንታሲ ላይ ተጫዋችህ ዛሬ ሜዳ ላይ የሠራውን ነው የምትጠብቀው። እዚህ ዓመቱ አልቋል፣ ካርዱ ታትሟል፣ የሚቀረው አንተ እንዴት ታሰልፈዋለህ የሚለው ነው። ከፈለግክም የ1950ዎቹን ቡድን ከዘንድሮው ጋር ታጋጥማለህ።

ሊጋችን ውስጥ አሥራ ሁለት ሰው አለ። ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ቤተ መጻሕፍት የስብሰባ ክፍል ቅዳሜ ቅዳሜ ይገናኛሉ። መጀመሪያ ስገባ ያየሁት ሰፈራችን ዛፍ ሥር ዳማ ሲጫወቱ የነበሩትን ሽማግሌዎች ነው። በቆርኪ ፋንታ ካርድ ይሁን እንጂ ሁሉም ነገር ያው ነው። የሚጫወተው ሁለት፣ የሚመክረው ስድስት። አንዱ «ያንን ወርዋሪ አውጣው፣ ደክሟል» ይላል፣ ሌላው «ዝም በል፣ አንተን ማን ጠየቀህ» ይላል። መምህር አለ፣ የቧንቧ ሠራተኛ አለ፣ አንድ የሒሳብ አዋቂ አለ፣ እሱ ከሁሉም ይሸነፋል።

በየዓመቱ መጀመሪያ ድራፍት አለ። በተራ ተራ ተጫዋች ትመርጣላችሁ። እኔ የመጀመሪያው ዓመት የሠራሁትን ስህተት ሁሉም ጀማሪ ይሠራዋልና ልንገራችሁ። ስም እያየሁ መረጥኩ። ሆምራን የሚያበዛውን ሁሉ አንጋጋሁ። ሾርትስቶፕ (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መሃል የሚቆመው ተከላካይ) ደግሞ ያው ሜዳ ላይ ቆሞ ኳስ የሚይዝ ሰው ነው ብዬ ከተረፉት አንዱን አነሳሁ። የመከላከል ደረጃ ከ1 እስከ 5 ነው፣ 1 ድንቅ፣ 5 ደግሞ ጓንት ያጠለቀ ወንበር። የኔው 4 ነበር።

የመጀመሪያ ጨዋታዬን አልረሳውም። እንግዳ ቡድን ነበርኩ፣ ቀድሜ ነው የምመታው። ዘጠነኛው ኢኒንግ፣ ሁለት አውት፣ አንድ ሰው ሁለተኛው ቤዝ ላይ፣ በአንድ ነጥብ እየተመራሁ። ወረወርኩ። ባለ ቀለሙ 2፣ ሌሎቹ 3 እና 2። መስመሩ ላይ «ሆምራን ከ1 እስከ 14፣ ካልሆነ ደብል» ይላል። እንዲህ ሲሆን ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ይወረወራል። እጄ ላብ በላብ ሆነ። 17። ደብል፣ መቺው ሁለተኛው ቤዝ ደረሰ ማለት ነው። ነጥቡ ገባ፣ እኩል ሆንን። ቀጣዩ መቺ ግን ከወርዋሪው ካርድ ላይ ወደ ሾርትስቶፕ የምትሄድ ኳስ ደረሰው፣ የተቃራኒዬ ሾርትስቶፕ ደግሞ 1 ነው፣ ያነሳታል፣ አለቀ። ከዚያ የነሱ ተራ ደረሰ። አንድ ሰው ሦስተኛው ቤዝ ላይ። ዳይሱ ተወረወረ፣ ያችው ኳስ ወደ ሾርትስቶፕ፣ ወደኔው ወንበር። በእግሩ መሃል አለፈች። ማለቴ፣ ሰንጠረዡ ላይ ስህተት ይላል፣ እኔ ግን በዓይኔ በእግሩ መሃል ስታልፍ አየኋት። ተሸነፍኩ። ጋሼ ከኋላዬ ቆሞ ነበር፣ ምንም አላለም፣ ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ ቡና ሊቀዳ ሄደ።

ስለዚህ ሾርትስቶፕ፣ ካቸር (ከመቺው ኋላ ሆኖ ኳስ የሚቀበለው) እና መሃል ሜዳ ላይ አትቆጥቡ። አንደኛ ቤዝና ግራ ሜዳ ላይ ወንበር ብታቆሙም ያን ያህል አትጎዱም።

ሁለተኛው ስህተቴ የባሰ ነው፣ አሳፍሮኛል። ካርዶች ውስጥ ጥቂት ጊዜ ብቻ የተጫወቱ ሰዎች አሉ። አንድ ሰው በዓመቱ 90 ጊዜ ብቻ ለመምታት ቆሞ በዕድል ብዙ ከመታ ካርዱ የጀግና ካርድ ይሆናል። እኔ እንዲህ ያለ አንድ አገኘሁ። በየጨዋታው አሰለፍኩት። «ይሄ አበሻ ከየት አመጣው!» እስኪሉ ድረስ አንቀጠቀጥኳቸው። ለካ ገደብ አለ። ተጫዋቹ በእውነቱ ከተጫወተው በላይ ማሰለፍ አይቻልም፣ ሊጉ ሕግ ላይ ተጽፏል፣ እኔ ግን ሕጉን ያነበብኩት እንደ ስልክ ውል ነው፣ ወደ ታች ወርጄ እሺ ብዬ። ስድስት ጨዋታ ተሰረዘብኝ። ማንም አልጮኸብኝም፤ ዝምታቸው ነው የከበደኝ። ከመጫወታችሁ በፊት ሕጉን አንብቡ። ስንት ጊዜ እንዳሰለፋችሁት በወረቀት ያዙ።

አሁን ከሁሉም በላይ ወደምፈልገው ነገር ልምጣ።

እያንዳንዱን ጨዋታ ፊት ለፊት መጫወት አይቻልም። እኛ በዓመት 81 ጨዋታ አለን፣ ከእውነተኛው 162 ግማሹ ማለት ነው፣ ሁሉም ሰው ደግሞ ሥራና ልጅ አለው። ስለዚህ ብዙውን በመመሪያ ነው የምንጫወተው። ተቃራኒህ አሰላለፉን፣ መቼ ወርዋሪ እንደሚቀይር፣ መቼ ቤዝ እንደሚሰርቅ (ኳስ ሳይመታ ሰውየውን ወደ ቀጣዩ ቤዝ እንደሚያስሮጥ) ጽፎ ይልክልሃል። አንተ ቤትህ ቁጭ ብለህ ለራስህም ለሱም ትወረውራለህ። ስትጨርስ የነጥብ ወረቀቱን ትልካለህ። ማንም አያይህም። ዳይሱን ያየኸው አንተ ብቻ ነህ።

እስቲ አስቡት። ይህ ነገር ሲሠራ የኖረው ከፖስታ ዘመን ጀምሮ ነው። ሰዎች ፊታቸውን አይተው ከማያውቁት ሰው ጋር ለዓመታት እንዲህ ተጫውተዋል፣ ሁሉም ባዶ ቤት ውስጥ ብቻውን ለባላንጣው ዳይስ እየወረወረ።

አንድ ሌሊት ከሥራ ገብቼ ስምንት ሰዓት ላይ ልጫወት ተቀመጥኩ። እየመራሁ ነው፣ በአንድ ነጥብ። የተቃራኒዬን ዳይስ ወረወርኩለት፣ አንዷ ተንከባልላ የነጥብ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ዘንበል ብላ ቆመች። ሌሎቹ ጠፍጣፋ ተቀምጠዋል። እንዳለች ከተነበበች ሆምራን ነው፣ በሱ አሸናፊነት ጨዋታው አለቀ። «ዘንበል ያለ ዳይስ ይደገማል» የሚል ሕግ አለን። ግን ስንት ነው ዘንበል? ወረቀት እኮ ነው፣ የወረቀት ውፍረት! ጎንበስ ብዬ በአንድ ዓይኔ አየኋት። ድጋሚ ወረወርኩ። አውት። አሸነፍኩ።

እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ። በማግስቱ ለሰውየው ጻፍኩለት፣ እንዲህ እንዲህ ሆነ ብዬ። ለመመለስ ግማሽ ቀን ፈጀ። ዳይሷን እኔው እንድፈርድ ነው ያለኝ። ያንተ ቤት፣ ያንተ ጠረጴዛ፣ አንተ ያልከው ነው አለ። ከዚህ ወዲያ ምን ትላለህ? ሆምራን ነው ብዬ መዘገብኩት። በዚያ ዓመት ለማጣሪያው ያልደረስኩት በአንድ ጨዋታ ነው፤ እሱም እስከዛሬ ሲያገኘኝ ወረቀት ዘንበል አድርጎ ያሳየኛል።

ከዚያ ወዲህ የምወረውረው ውስጡ ጨርቅ የለበሰ የጫማ ካርቶን ውስጥ ነው። ወጪ የለውም፣ ጎረቤት አይቀሰቅስም፣ ዳይስም ሶፋ ሥር አይገባም። አድርጉት።

2020 መጋቢት ላይ ኮሮና መጥቶ ቤተ መጻሕፍቱ ተዘጋ። ፓርኪንጉም ተዘጋ፣ እኔም ሥራ ፈታሁ። ጋሼ ብቻውን ነው የሚኖረው። በቪዲዮ መጫወት ጀመርን። ስልኩን ከላይ በመጻሕፍት ክምር ላይ አስደግፎ፣ ካሜራው ወደ ካርቶኑ ወርዶ፣ የሚታየው ዳይሱና የሱ ሁለት ጣት ብቻ ነው። እውነተኛው ቤዝቦልም ቆሞ ስለነበር ስትራት-ኦ-ማቲክ ራሱ ያልተጫወቱትን ጨዋታዎች በየቀኑ በኮምፒውተር እያስኬደ ውጤት ያወጣ ነበር። ጋሼ እሱን ሲያነብ አዲስ ነገር አልሆነበትም፤ በ1981 ተጫዋቾች አድማ መትተው የኮከቦቹ ጨዋታ በቀኑ ሳይደረግ ሲቀር ክሊቭላንድ ስታዲየም ውስጥ በዚሁ ጨዋታ በዳይስ እንደተጫወቱት ነገረኝ። ዓመቱ መጨረሻ ላይ እውነተኛው ሊግ 60 ጨዋታ ብቻ ተጫወተና ካርዱ ከዚያ ተሠራ። በ60 ጨዋታ ምን ይታወቃል ብለን ክረምቱን ሙሉ ተጨቃጨቅን። ደስ የሚል ጭቅጭቅ ነበር፣ ሌላ የምናወራው ሁሉ ሞት ነበራ።

በነገራችን ላይ፣ ፕሌይስቴሽን ላይ ፊፋ ስትጫወቱ ያደጋችሁ ልጆች፣ ያን ጨዋታ ያወጣውን ኤሌክትሮኒክ አርትስን በ1982 የመሠረተው ትሪፕ ሃውኪንስ የስትራት-ኦ-ማቲክ የአሜሪካ ፉትቦል ልክፍተኛ ነበር። ዘራችሁ ከዚህ ካርቶን ነው።

አንድ ቀን ጋሼ ሌላ ሳጥን አወጣ። 2009 ላይ የወጣ የኒግሮ ሊግ ካርዶች ነው፣ 103 ተጫዋች። ጥቁሮች ከነጮቹ ሊግ ተከልክለው የራሳቸውን ሲጫወቱ የነበሩት ሰዎች። ጆሽ ጊብሰን፣ ሳችል ፔጅ፣ ኦስካር ቻርለስተን። ስለ ጊብሰን ሲያወራ ድምፁ ይቀንሳል። ጊብሰን በ1947 ጃንዋሪ በ35 ዓመቱ ሞተ፣ ጃኪ ሮቢንሰን ወደ ነጮቹ ሊግ ገብቶ ለጥቁሮች በሩን የከፈተው በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ ነው። ሦስት ወር። የኒግሮ ሊግ ቁጥሮች ከዋናው ሊግ መዝገብ ጋር የተቀላቀሉት በ2024 ነው፤ ያን ዕለት ጊብሰን ከ1,000 ጊዜ 372 በሚሆን አማካይ ከሁሉም በላይ ወጣ፣ እስከዚያ ድረስ አንደኛ ከነበረው ከታይ ኮብም በላይ። ጋሼ ደውሎ ነገረኝ፣ ከዚያ ደግሞ «ካርዱ ግን ከ15 ዓመት በፊት ያውቅ ነበር» አለ።

ጊብሰን የሚጫወትበት ሆምስቴድ ግሬይስ የሚባለው ቡድን ብዙ የሜዳውን ጨዋታ የሚያደርገው ዲሲ ግሪፊዝ ስታዲየም ነበር። የት ነው ብዬ ጠየቅኩ። ሳቀ። «አንተ ክትፎህን የምትበላበት ሰፈር» አለኝ። እውነቱን ነው! ዩ ስትሪትና ዘጠነኛው መንገድ ላይ ስንት ዓመት ስንመላለስ ስታዲየም እንደነበረ የነገረኝ ሰው የለም። በ1965 ፈርሶ ቦታው ላይ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ተሠርቷል። አንድ እሁድ ይዞኝ ሄደ። ሆስፒታሉ ውስጥ ድሮ መቺው ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ምልክት አለ። ሰው እየተጣደፈ ይረግጠዋል። ጋሼ እዚያ ላይ ቆመ፣ እግሩን ከፈት አደረገ፣ የሌለ ዱላ ያዘ። አንዲት ነርስ አይታን ፈገግ ብላ አለፈች። ከዚያ ወጥተን ሽሮ በላን፣ በርበሬው በዝቶበት እንባው መጣ፣ ወይም በርበሬው ነው ብሏል።

ይሁን፣ ለመጀመር ለሚፈልግ ሰው።

ገና ሳታውቁት የዘንድሮውን ሙሉ ካርድ አትግዙ። የቆየ ዓመት፣ ሁለት ቡድን ብቻ ይበቃችኋል፣ ይህን ጨዋታ የሚጫወት ሰው ሁሉ ቤቱ ትርፍ ካርድ አለ፣ ብትጠይቁት ደስ ብሎት ይሰጣችኋል፣ ሚስቱም ታመሰግናችኋለች። የካርዱ አንድ ፊት ለጀማሪ ነው፣ ሌላው ግራ እጅና ቀኝ እጅ ወርዋሪ የሚለይ ከባዱ ነው። የመጀመሪያውን ወር በቀላሉ ፊት ተጫወቱ። እኔ ቶሎ ብዬ ከባዱን ገልብጬ ሁለት ሳምንት ግራ ተጋብቻለሁ። የኮምፒውተሩም አለ፣ ፈጣን ነው፣ ግን ኮምፒውተሩ ውጤቱን ብቻ ይነግራችኋል፣ ለምን እንደሆነ በእጃችሁ አታዩትም።

የነጥብ ወረቀት መሙላት ተማሩ። ሜዳ ላይ ያለው ሁሉ ቁጥር አለው፣ ወርዋሪው 1፣ ካቸሩ 2፣ አንደኛ ቤዝ 3፣ ሁለተኛ 4፣ ሦስተኛ 5፣ ሾርትስቶፕ 6፣ ከዚያ ውጭ ሜዳው ከግራ ወደ ቀኝ 7፣ 8፣ 9። «6-4-3» የሚል ካያችሁ ሾርትስቶፑ ለሁለተኛ፣ ሁለተኛው ለአንደኛ ወርውሮ ሁለት ሰው ወጣ ማለት ነው። አንድ ወር ከሞላችሁ በኋላ ቴሌቪዥኑን ስትከፍቱ እጃችሁ እርሳስ ይፈልጋል። እንግሊዝኛዬም በዚህ ነው የተፈታው፤ ሥራ ቦታ «ደረሰኝ ይፈልጋሉ?» ብቻ ነበር የምለው።

ሊግ ከመግባታችሁ በፊት ስንት ጨዋታ በሳምንት እንደሚጠበቅባችሁ ጠይቁ። አንዱን ጨዋታ ጀማሪ በአንድ ሰዓት ይጨርሳል፣ የለመደ በግማሽ ሰዓት። አቅማችሁ ካልሆነ አትግቡ፣ ወይም ቅዳሜ ሄዳችሁ ተመልካች ሁኑ፣ ማንም አያባርራችሁም። መሸነፍ ነውር አይደለም፣ እኔ አንድ ዓመት 81 ተጫውቼ 27 ብቻ አሸንፌ ሰዉ እያባበለ አቆይቶኛል። ይቅር የማይባለው ዓመቱ መሃል ላይ መጥፋት ነው። አንድ ሰው ሁለት ወር ተጫውቶ ስልክ ማንሳት አቆመ። ያልተጫወተው ጨዋታ የአሥራ አንዳችንንም ሰንጠረዥ አበላሸው። ስሙ ሲነሳ እስካሁን ክፍሉ ዝም ይላል። ሥራ ከበዛባችሁ፣ ልጅ ከታመመ፣ አገር ቤት ለቅሶ ከሄዳችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ ሌላ ሰው ይጫወትላችኋል። እኔ ለአባቴ ቀብር ስሄድ ጋሼ ሦስት ሳምንት ቡድኔን ይዞልኝ ነበር። ስመለስ ወረቀቶቹን ሁሉ በፖስታ አሽጎ ሰጠኝ፣ ሰባት አሸንፎ ሁለት ተሸንፎ። እኔ ከምጫወተው በላይ ተጫውቶልኛል፤ ከተሸነፈባቸው አንዱ ደግሞ በገዛ ቡድኑ ላይ ነው። ከራሱ ቡድን ጋር ሲያጋጥመኝ ለኔ ሲወረውር ምን ያህል እንደተጠነቀቀ አላውቅም፣ ብቻ ሁሉም ዳይስ አንድ በአንድ ኅዳጉ ላይ ተጽፏል።

እናቴ ባለፈው ዓመት ልትጠይቀኝ መጣች። ጋሼ ቤት ቡና ጠጣን። ዳይሱን ሰጣት፣ ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ አማተበችና ወረወረችው። ባለ ቀለሙ 1፣ ሌሎቹ ሁለቱም አንድ አንድ። ከ216 አንዴ የሚመጣ ነው። ጋሼ ካርዱን አየና ጮኸ። «ምን አገኘሁ?» አለችኝ። ሆምራን አልኳት። «ስንት ብር ነው?» አለች።

የዘንድሮው ድራፍት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ሦስተኛ ተራ ደርሶኛል። ሾርትስቶፕ እፈልጋለሁ።